የጋይንት መንገድ፣ የዙላ ጭስ፣ የጭልጋ ከሰል

በ1860 ዓ.ም መስከረም ማብቂያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ዛሬ ወደ ነፋስ መውጫም ሆነ ወደ አርብ ገበያ የሚሄድ መንገደኛ በመኪና መስኮት የሚያየውን የጋይንት ምድር ያ ሠራዊት ያለፈው ዓለት እየፈለጠ፣ ገደል እየደለደለ፣ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እየጎተተ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ቀልጦ የተሠራው ይህ መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። የዘቢጥን አቀበት፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ የሚያውቅ ሰው ለምን እንዲህ እንደቆየ ይገባዋል።

ቴዎድሮስ ጋይንትን በሚያቋርጡበት በዚያው ወቅት የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ቡድን ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ኋላ ወደ መቅደላ የዘለቁት ከዚያ ተነሥተው ነው። ዙላ በረሃ ነው፣ ለዚያ ሁሉ ሰውና ከብት የሚበቃ ውሃ የለውም። ስለዚህ እንግሊዞች የባሕሩን ውሃ በእንፋሎት መርከቦቻቸው እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ለጦሩ የሚጠጣ ውሃ አወጡ። ከወደቡ ወደ ኩማይሌ የሚወስድ አጭር የባቡር ሐዲድም ዘርግተው የእንፋሎት ባቡር ነዱበት። ያን ሁሉ ያንቀሳቀሰው በመርከብ ተጭኖ የመጣ የድንጋይ ከሰል ነበር።

የመቅደላን ጦርነት ታሪክ ስናወራ ሰውን ከሰው፣ ጠመንጃን ከጠመንጃ እናወዳድራለን። የነዳጁ ልዩነት ግን ከጠመንጃው ልዩነት አያንስም ባይ ነኝ። በዚህ በኩል የአገራችን አንጥረኛ ወናፉን እየነፋ ብረት የሚያቀልጠው በእንጨት ከሰል ነው። የጋፋት ምድጃም የእንጨት ዘመን ምድጃ ነበር። በዚያ በኩል ደግሞ ከመሬት ሆድ ተቆፍሮ በወጣ ከሰል የሚሠራ ፋብሪካ፣ መርከብና ባቡር ያለው አገር መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ከዚያ ይልቅ በሁለቱ ከሰሎች መካከል ያለውን አንድ ነገር ነው፤ ድኝን።

ድኝ ለአገራችን ሰው እንግዳ አልነበረም። ሰዶምና ገሞራ በእሳትና በድኝ እንደጠፉ በየደብሩ ሲነበብ ሰምቷል፤ ለእከክ ይቀባዋል፤ ባሩድ የሚቀምም ሰውም ከከሰልና ከጨው ጴጥሮስ ጋር ያዋህደዋል። ከአፋር ቆላ፣ ከዳሎል አካባቢ የእሳተ ገሞራ ምድር ቢጫ ሆኖ ይለቀማል። የእንጨት ከሰል ውስጥ ግን የለም ሊባል በሚችል መጠን አነስተኛ ነው። የድንጋይ ከሰል ውስጥ ብዙ ጊዜ አለ፤ ከመቶ እጅ ግማሽ ወይም አንድ፣ አንዳንዴም ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ። ከሰሉ የዛሬ ሚሊዮኖች ዓመታት ረግረግ ውስጥ የወደቀ ዛፍና ቅጠል ነውና ድኙን ያገኘው ከፊሉን ከራሱ ከዕፅዋቱ፣ ከፊሉን ረግረጉን ካጥለቀለቀው ውሃ ነው። በባሕር ውሃ የተጥለቀለቀ ረግረግ በድኝ የበለጸገ ከሰል ሲተው፣ በሐይቅና በወንዝ ውሃ የተሸፈነው አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ድኝ ያለው ከሰል ይተዋል።

የድኙን ጉዳት ቀድመው ካወቁት መካከል ብረት አቅላጮች አሉበት። በድንጋይ ከሰል የቀለጠ ብረት ድኙን ጠጥቶ ተሰባሪ ይሆናል። የእንግሊዝ ብረት ሠሪዎች ጫካቸው እያለቀ እንኳ ለረጅም ዘመን ከእንጨት ከሰል መላቀቅ ያቃታቸው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1709 አብርሃም ዳርቢ የተባለው ሰው ኮልብሩክዴል ላይ ከሰሉን አስቀድሞ በእፍን እሳት እየጠበሰ ከድኙ ከፊሉንና ሌላውን ተናኝ ነገር አስወጥቶ፣ ኮክ በሚባለው ቅሪት ብረት አቀለጠ። ብረቱ ዳነ። የወጣው ድኝ ግን ወደ አየሩ ሄደ።

ከአየሩ ጋር የነበረው ጠብ ከዚያም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1257 የእንግሊዝ ንግሥት ኤሌኖር የከሰሉን ጭስ መቋቋም አቅቷቸው ከኖቲንግሃም ከተማ ወጥተው ሄደዋል። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ልጃቸው ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ለንደን ውስጥ የድንጋይ ከሰል እንዳይነድ ዐወጁ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ማገዶ የተወደደበት ከተማ በአዋጅ ብቻ ከሰል አይተውም። እ.ኤ.አ. በ1872 ሮበርት አንገስ ስሚዝ የተባለ ኬሚስት ማንቸስተርን በመሳሰሉ የፋብሪካ ከተሞች የሚወርደውን ዝናብ መርምሮ በመጽሐፍ ሲያወጣ «አሲድ ዝናብ» የሚለውን ስም ሰጠው። ድኝ ሲነድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ በአየር ላይ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱም በዝናብ፣ በጉምና በደቃቅ ብናኝ መልክ ይወርዳል። የስሚዝ መጽሐፍ የወጣው መቅደላ ከወደቀች ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው የባተርሲው ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በለንደን መካከል፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ባተርሲ በሚባለው ሰፈር ግዙፍ የከሰል ኃይል ማመንጫ ሊሠራ ታሰበ። የከተማዋ ሰዎች ጮኹ። ጭሱ ቤተ መንግሥቱን፣ መናፈሻዎቹን፣ በሙዚየም ያሉትን ሥዕሎች ያበላሻል አሉ። መንግሥት ፈቃዱን የሰጠው ድኙ ከጭሱ እንዲወገድ አስገድዶ ነው። ኬሚስቶቹ የደረሱበት ዘዴ በመሠረቱ ቀላል ነው፤ ጭሱ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት የኖራ ድንጋይ ዘር የሆነው ጠመኔ በተጨመረበት የቴምዝ ውሃ ታጠበ። አሲዱን ኖራ ያበርደዋል። ማመንጫው እ.ኤ.አ. በ1933 ሥራ ሲጀምር በዓለም ላይ በዚህ ስፋት ጭሱን የሚያጥብ የመጀመሪያው ሆነ። ከድኙም አብዛኛውን አስቀረ።

ጉድለትም ነበረው። እጣቢው ተመልሶ ወደ ወንዙ ይፈስ ነበር። በውሃ የቀዘቀዘው ጭስም ከፍ ብሎ መሄድ ስለሚያቅተው አንዳንዴ እዚያው ሰፈር ላይ ይተኛል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ከታጠበው ጭስ የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ለጀርመን አውሮፕላኖች ምልክት እንዳይሆን ተብሎ ማጠቢያው ተዘጋ። የሆነው ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1933 ዓለም መድኃኒቱን አውቆታል። ከዚያ በኋላ በድኝ ጭስ የሞተ ሰው ሁሉ የሞተው መድኃኒት ጠፍቶ ነው ማለት አይቻልም።

ብዙ ሰው ሞቷልም። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 ለንደን ላይ ነፋስ ቆመ፤ የከሰል ጭስና ጉም ተደባልቀው ከተማዋን ለአምስት ቀናት ሸፈኗት። ሰው የራሱን እግር ማየት ተሳነው። በዚያን ጊዜ በተደረገ ቆጠራ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተነገረ፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ወደ 12,000 አድርሰውታል። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናትና ደረታቸው የደከመ ሕሙማን ነበሩ። ፓርላማው የንጹሕ አየር ሕግ ያወጣው ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

ከዚያ በኋላ አገሮች የወሰዱት አቋራጭ ጭስ ማውጫን ማስረዘም ነበር። ረጅም ጭስ ማውጫ ለሠፈሩ እፎይታ ሰጠ፤ ድኙን ግን ለጎረቤት አገር ላከው። እ.ኤ.አ. በ1967 ስዊድናዊው የአፈር ሳይንቲስት ስቫንተ ኦዴን በአገሩ ሐይቆች ዓሣ የሚያልቀው ከእንግሊዝና ከመካከለኛው አውሮፓ በሚመጣ አሲድ መሆኑን በጋዜጣ ጽፎ አገር አነጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1979 ጄኔቫ ላይ ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት ተፈረመ፤ በ1985 ሄልሲንኪ ላይ ከፈራሚዎቹ ብዙዎቹ የድኝ ልቀታቸውን በ30 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገቡ። አሜሪካ በ1990 ባሻሻለችው ሕግ ለኃይል ማመንጫዎች የልቀት ጣሪያ አስቀመጠች፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ማመንጫዎች የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹን ማመንጫዎቿን ማጠቢያ አስገጠመች።

አሠራሩን በኩንታል እናስላው። 2 በመቶ ድኝ ያለው አንድ ኩንታል ከሰል ውስጥ 2 ኪሎ ድኝ አለ። ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ በክብደት እጥፍ ይሆንና 4 ኪሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህን ለማስቀረት ከ6 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይበቃል። ዱቄቱ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ በጭሱ ላይ ይረጫል፤ ጋዙ ከኖራው ጋር ይዋሐዳል፤ አየር ሲነፋበት ከ10 ኪሎ በላይ ጂፕሰም ይሆናል። ጂፕሰሙ የግድግዳ ሰሌዳ ይሠራበታል፣ ከሲሚንቶም ጋር ይፈጫል። በደንብ የተያዘ ማጠቢያ ከመቶ ዘጠናውን፣ አልፎም ዘጠና አምስቱንና ከዚያ በላይ ያስቀራል። ከማንደድ በፊት ከሰሉን ፈጭቶ በውሃ ማጠብም ይጠቅማል፤ በውስጡ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ስላለ፣ ከከሰሉ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከከሰሉ ሥጋ ጋር የተዋሐደው ድኝ ግን በውሃ አይወጣም። ስለዚህ የከሰል ማጠቢያ ፋብሪካ ተመረቀ ሲባል መልካም ነው፤ የጭሱ ማጠቢያ ጥያቄ ግን እንዳለ ይቆያል።

በአህጉራችን ያለውን ልምድ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ታሳየናለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ባንክ በአመዛኙ ለሜዱፒ የከሰል ማመንጫ የሚውል የ3.75 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሲያጸድቅ የድኝ ማጠቢያ እንዲገጠም ተስማምቶ ነበር። ማመንጫው ተሠርቶ አለቀ፤ ማጠቢያው ከዓመት ዓመት ተላለፈ። ኩሲሌ የሚባለው ሌላኛው ከመጀመሪያው ማጠቢያ የተገጠመለት ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የጭስ መውጫው ቱቦ ተደርምሶ ሦስት ክፍሎቹ ቆሙ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራ ሲቀጥሉ በጊዜያዊ ጭስ ማውጫ፣ ያለ ማጠቢያ ነበር። መብራት የጠማው አገር ጭሱን ለነገ ያሳድራል። ይህን ስጽፍ ለመፍረድ አይደለም፤ «በኋላ ይገጠማል» የተባለ ነገር ምን ያህል እንደሚዘገይ ግን ልብ ልንለው ይገባል። የእኛ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ለዓመታት ሲያነዱት የኖሩት ከሰልም በብዛት ከዚያችው ደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን። ከጎንደር ከተማ በስተምዕራብ፣ ጭልጋ ውስጥ፣ በጓንግ ወንዝ ዳርና ዳር ጥቁር የከሰል ንጣፍ በጥቁር ድንጋይ መካከል ተጋድሞ ይታያል። የዛሬ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እዚያ ሐይቅና ረግረግ ነበር። ከዚሁ ሥፍራ የዝሆን ቀደምት ዘሮችና አርሲኖይቴሪየም የተባለው ባለ ሁለት ቀንድ ግዙፍ እንስሳ ቅሪተ አካል ተገኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ወጥቷል። በሰሜን ሸዋ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ሙሽ ሸለቆም፣ በዕድሜ ከጭልጋ የሚያንስ ከሰል አለ። በደቡብ ምዕራብ ደልቢና ሞዬ፣ ያዩም ይታወቃሉ። ያዩ ላይ በ2004 ዓ.ም ገደማ በመንግሥት ድርጅቱ በሜቴክ የተጀመረው ከሰልን መሠረት ያደረገ የማዳበሪያ ፋብሪካ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል።

ኢትዮጵያ በከሰል መብራት አታመነጭም፤ ውሃ አላት። ከሰሉን የምትፈልገው ለሲሚንቶ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1936 ድሬዳዋ ላይ ከተከሉት የመጀመሪያው ፋብሪካ ጀምሮ ኢንዱስትሪው አድጓል፤ ለብዙ ዘመን የነደደለት ጥቁር ዘይት ዋጋው ሲንር ወደ ከሰል ዞረ። ከፋብሪካዎቹ መካከል ሙገር፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ መሰቦ፣ አሁን ደግሞ በክልላችን በአማራ፣ በሰሜን ሸዋ ያለው ለሚ ይገኙበታል። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም አለው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መንግሥት ከውጭ የሚገባውን ከሰል በአገር ውስጥ ከሰል ለመተካት ለብዙ አምራቾች ፈቃድ ሰጥቷል። የውጭ ምንዛሪ ለሚያስጨንቀው አገር ይህ ተገቢ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ለሲሚንቶ ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል። የሲሚንቶ ምድጃ ራሱ በኖራ የተሞላ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ድኝ ከትኩሱ ኖራ ጋር ተገናኝቶ አብዛኛው ክሊንከር በሚባለው የምድጃው ውጤት ውስጥ ይቀራል። ድኝ የበዛበት ከሰል ምድጃውን እየደፈነ ሥራ ስለሚያስቆም ፋብሪካውም አይወደውም። የሚያመልጠው በአመዛኙ በጥሬው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለው ፓይራይት ገና ማሞቂያው ላይ ሲቃጠል ነው። ይህም በቁፋሮው ቦታ ድንጋዩን በመመርመር፣ በጭስ ማውጫው ላይ በመለካት የሚታወቅ ነገር ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኖራ በሌለበት ምድጃ ከሰል የሚያነዱት ናቸው፤ የብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የሴራሚክ ፋብሪካዎች፣ የእንፋሎት ማፍያ ያላቸው ሁሉ። ከእነዚህ የሚወጣውን ድኝ መንገድ ላይ የሚይዘው የለም፤ ብዙዎቹም ያሉት ከተማ ውስጥ ወይም ከተማ ጥግ ነው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የአስም ሕመምተኛን ደረት በደቂቃዎች ውስጥ ያጠባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ40 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ የመከረው ለዚህ ነው።

የአርብ ገበያ፣ የስማዳ ወይም የእስቴ አንባቢ «እኛ ዘንድ ፋብሪካ የለ፣ ይህ እኛን ምን ያገባናል?» ሊል ይችላል። መልሱ ያለው ማሳው ላይ ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማነት እንዳጠቃው የግብርና ባለሙያዎች ይናገራሉ። ከጉና ሥር ያለው ደጋ፣ የፋርጣና የላይ ጋይንት መሬት ከሚጎዱት ውስጥ ነው። ምክንያቱ ከሰል አይደለም። ለዘመናት የወረደ ዝናብ የአፈሩን ኖራ አጥቦ ስለወሰደው፣ ማሳው ያለ እረፍት ስለሚታረስ፣ ከምርቱ ጋር ገለባውም ስለሚወሰድ፣ የማዳበሪያውም ዓይነት ስለሚያባብሰው ነው። ገብሱና ድንቹ አንሶ የሚቀርበት ገበሬ ኖራ በኩንታል አሸክሞ ማሳው ላይ ይበትናል። ኖራው ሩቅ ነው፣ ማጓጓዣው ውድ ነው፣ ለአንድ ሄክታርም ብዙ ኩንታል ይፈልጋል።

እንዲህ ያለ አፈር ከሰማይ ተጨማሪ አሲድ አይችልም። የስዊድን ሐይቆች የሞቱት የተቀመጡበት አለት አሲድ የሚያበርድ ኖራ ስለሌለው ነበር፤ በረጅም ዘመን ዝናብ ኖራው የታጠበ ደጋ አፈርም ከእነርሱ የተሻለ መከላከያ የለውም። አሲዱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ አውሮፓ አይታዋለች። በፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይ 6 ኪሎ የሚፈልገው ሥራ አንዴ ጭሱ ካመለጠ በኋላ በገበሬው ትከሻ፣ በገበሬው ገንዘብ፣ ማሳ ለማሳ የሚሠራ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው ርካሽ እንደሆነ፣ የትኛውስ ፍትሐዊ እንደሆነ ለመወሰን ኬሚስት መሆን አያስፈልግም።

ከእንግሊዝ የምንለይበት አንድ መልካም ዕድል አለን፤ ዘግይተን ጀምረናል። የጭልጋም ሆነ የሌላው ከሰል በብዛት ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዱ ንጣፍ የድኝ መጠን ተለክቶ ከፈቃዱ ጋር ለሕዝብ ይገለጽ። ከሰል ሲሸጥ የሙቀት መጠኑና አመዱ እንደሚጻፍ ድኙም በውሉ ላይ ይጻፍ። ኖራ የሌለበት ምድጃ ያለው ፋብሪካ ማጠቢያውን አብሮ ይትከል፤ ፈቃዱም ማጠቢያው እስኪሠራ ይቆይ። የባተርሲ ሰዎች ከዘጠና ዓመት በፊት ያስፈጸሙት ይህንኑ ነው።

ሕጉም አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ለማንኛውም ሰው መንገድ ከፍቷል፤ ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካው መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል በካይ ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በስልሳ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ መብት የጋይንት ገበሬም፣ የስማዳ መምህርም፣ የጭልጋ እናትም ነው።